አስቸኳይ፦ ኢስፋሃን ነኝ፤ ካርዴ አይሠራም፤ ያሳደሩኝ ሰዎች ደግሞ ገንዘብ ሰጡኝ

መንገደኛዋ (መጋቢት 12 ቀን 2010፣ ማታ)
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ካርዴ እምቢ ብሏል። ዛሬ በሦስት ባንኮች ኤቲኤም ሞከርኩ፤ ሦስቱም መልሰው ተፉት። ስዊድን ወዳለው ባንኬ ብደውል «ካርድዎ ምንም ችግር የለበትም» አሉኝ። የምንዛሪ ሱቆች በሙሉ ዝግ ናቸው። ሰኞ ሌሊት ከቴህራን እበራለሁ፤ እስከዚያ የምግብ ወጪ አለ፣ የአውቶቡስ ወጪ አለ።

የባሰው ሌላ ነው። ያረፍኩት ሰው ቤት ነው። መንገደኛን በነጻ የሚያሳድሩ ሰዎች በሚገኙበት ካውችሰርፊንግ በሚባል ድረ ገጽ ያገኘኋት ልጅ ከእናትና ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ሦስት ሌሊት አሳደሩኝ፤ ልክፈል ብል አንድ ሳንቲም አልነካም አሉ። ትናንት ማታ ደግሞ አባትየው ገንዘብ አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ! ባዶ እጄን መቅረቴን ማን እንደነገራቸው አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «አይሆንም» ብዬ ስመልስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። ገንዘቡ እስከ አሁን ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ እኔም እነርሱም አልነካነውም። ምን ላድርግ?

ባለ ሻንጣው
የሚስጥር ቁጥርሽን በትክክል ማስገባትሽን አረጋግጪ። ከዚያ ለባንክሽ ደውለሽ ካርዱን ለውጭ አገር እንዲከፍቱልሽ ንገሪያቸው። እኔ ቱርክ ሄጄ እንዲህ ነው የተፈታልኝ።

የአዋሽ ልጅ
በእጅሽ ስንት ዩሮ አለ? በየትኛው ፓስፖርት ነው የገባሽው? ያለዚህ መልስ መስጠት ይቸግራል።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ ችግርሽ ያሳዝነኛል፤ ነገር ግን ወደዚያ አገር የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ማንበብ ነበረበት። የአሜሪካ፣ የእንግሊዝና የካናዳ ፓስፖርት የያዘ ሰው ኢራን ውስጥ ያለ አስጎብኚ ብቻውን መዞር አይፈቀድለትም። የአውሮፓ ፓስፖርት ያለው ይዞራል፤ ግን ከመጋቢት 2011 በፈረንጆች አቆጣጠር ወዲህ ኢራንን የረገጠ ሰው አሜሪካ ያለ ቪዛ፣ ኢስታ በሚባለው በኢንተርኔት በሚሞላ ፈቃድ መግባት ይቀርበታል፤ ኤምባሲ ቀርቦ ቪዛ መጠየቅ ግድ ነው። አሜሪካ እኅት ወንድም ላለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሌሎቻችሁም ሻንጣ ከመሸከማችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

መንገደኛዋ
መምህር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ ለአሁኑ ችግሬ አልደረሱልኝም። የስዊድን ፓስፖርት ነው የያዝኩት። 35 ዩሮ አለኝ፤ ሁለት ባለ 500,000 ሪያልም አለኝ። ቴህራን ሳለሁ 150 ዩሮ መንዝሬ ነበር፤ ለቀሪው ካርድ አለኝ ብዬ ተማመንኩ። ሌላም ግራ የገባኝ ነገር አለ፦ ትናንት የታክሲ ሹፌር «አስር» ሲለኝ 10,000 ሪያል ብሰጠው ሳቀና መለሰልኝ።

ሰንበሌጥ
ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ነገሩ ከመነሻው ስህተት ይመስለኛል። ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በማታውቀው አገር፣ በማታውቀው ሰው ቤት! ስለ ካርድ ከመጠየቅሽ በፊት ዛሬውኑ ሆቴል ግቢ።

መንገደኛዋ
ሰንበሌጥ፣ ስለ እኔ ስለተጨነቅህ አመሰግናለሁ። ግን እዚህ ቤት የደረሰብኝን ልንገርህ። እናትየው አልጋቸውን ለእኔ ለቀው ምንጣፍ ላይ ይተኛሉ። ፀጉሬን የምሸፍነው እናቴ በሰጠችኝ ነጠላ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ጥለቱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው እያዩ ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ የራሳቸውን እናት ፎቶግራፍ አምጥተው አሳዩኝ። ሁዳዴ ስለሆነ ሥጋና ወተት አልበላም ስላቸው ደግሞ ስለ እኔ ተጨንቀው እህል አልወርድ አላቸው። ትናንት ለበዓሉ ሩዝ በአረንጓዴ ቅጠላ ቅጠል አብስለው ከዓሣ ጋር አቀረቡ፤ ሩዙን ብቻ በላሁ። ሆቴል ብገባ የምጎዳቸው ይመስለኛል።

የአዋሽ ልጅ
በ2008 በየብስ ኢራንን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጫለሁ። ካርድሽ አልተበላሸም። የሚስጥር ቁጥርሽም ትክክል ነው። አሜሪካ በጣለችው ማዕቀብ ምክንያት ቪዛና ማስተርካርድ ኢራን ውስጥ አይሠሩም፤ አገሩ ሸታብ በሚባል በራሱ የባንኮች መረብ ነው የሚገበያየው። ስለዚህ ኤቲኤም ለኤቲኤም መዞርሽን ተዪው፤ ከአንዱም ገንዘብ አይወጣም፤ ካርዱ ውስጥ ቢቀር ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ስለ ሹፌሩ፦ በገንዘቡ ላይ የታተመው ሪያል ነው፤ ሰው የሚናገረው ግን በቶማን ነው። አንድ ቶማን 10 ሪያል ነው። ሺሕ የሚለውን ቃል ደግሞ ይውጡታል። «አስር» ያለሽ አስር ሺሕ ቶማን ማለቱ ነው፤ 100,000 ሪያል መሆኑ ነው። ዋጋ በተነገረሽ ቁጥር «ሪያል ነው ቶማን?» ብለሽ ጠይቂ፤ እነርሱም ለምደውታል፣ አይከፋቸውም። የአውቶቡሱንም ዋጋ በዚህ ስሌት እንደገና አስቢው፤ ካሰብሽው አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል።

ከአደባባዩ፣ ከናቅሼ ጀሃን ዙሪያ፣ አንዳንድ ትልልቅ ምንጣፍ ሻጮች ከአገር ውጭ ባለ ሒሳብ የሚሠራ የካርድ ማሽን አላቸው። ኮሚሽን ቆርጠው ጥሬ ገንዘብ የሚሰጡ አሉ። ምንጣፍ ሳይገዙ መውጣት ግን የሚቻለው ሻይውን አንድ ብርጭቆ ብቻ ለጠጣ ሰው ነው።

ባለ ሻንጣው
ለባንክሽ ደውዪና ለውጭ አገር ያስከፍቱልሽ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው።

የዴይራዋ
እኅቴ፣ ዱባይ ዴይራ ውስጥ አንድ ኢራናዊ የደረቅ ፍራፍሬ ሱቅ 6 ዓመት ሠርቻለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅሽና ወዲያው መልሺልኝ። አባትየው የሰጡሽ ገንዘብ ያልታጠፈ፣ አዲስ ነበር? ያወጡትስ ከኪሳቸው ነው ወይስ ከመጽሐፍ መካከል?

መንገደኛዋ
አምስት ባለ 100,000 ሪያል፤ ሁሉም አዲስ፤ ያወጡትም ከቁርአን ገጾች መካከል ነው። እንዴት አወቅሽ? ለልጃቸውም ሰጧት። እኔ ግን እርሷ ልጃቸው ስለሆነች ነው ብዬ ነበር።

የዴይራዋ
ይኸው! የረሳሽውን ልንገርሽ፦ ትናንት ምን ቀን እንደነበር አልጻፍሽም። የኢራናውያን አዲስ ዓመት፣ ኖውሩዝ ነበር። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45 ላይ ዓመቱ ተለውጦ በእነርሱ አቆጣጠር 1397 ገባ። የምንዛሪ ሱቆቹም የተዘጉት ለዚህ ነው። አባትየው የሰጡሽ ምጽዋት አይደለም፤ ገንዘብ ማጣትሽንም ማንም አልነገራቸውም። ኢዲ ይባላል። ዓመቱ ሲለወጥ ታላቅ ለታናሽ የሚሰጠው የበዓል ስጦታ ነው፤ አዲስ ገንዘብ አስቀድመው ከባንክ ያመጡለታል፣ ለበረከት ከቁርአን መካከል ያስቀምጡታል። አሠሪዬ በየዓመቱ ለእኔም ይሰጡኝ ነበር፤ የመጀመሪያውን ዓመት እኔም እንዳንቺ ደንግጬ ነበር።

እንቁጣጣሽ ዕለት አበባ ይዘሽ ገብተሽ አባትሽ የሰጡሽን ብር «አልፈልግም» ብለሽ ጠረጴዛ ላይ ብትተዪው ምን ይሰማቸዋል? ለእርሳቸው የሆነባቸው እርሱ ነው። ከልጃቸው እኩል ቆጥረው ሰጡሽ፤ አንቺ መለስሽው።

ነጭ ሽንኩርት
ለኖውሩዝ በሚያዘጋጁት ጠረጴዛ ላይ በፋርስኛ በሰ ድምፅ የሚጀምሩ 7 ነገሮች አሉ አይደል? ቡቃያ፣ ፖም፣ ኮምጣጤ፣ ሱማቅ ... አንዱ እኔ ነኝ! በፋርስኛ «ሲር» እባላለሁ። ሰላም በይልኝ።

መንገደኛዋ
አለህ፣ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ተቀምጠሃል። የዴይራዋ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የምጽፍልሽ። አሁን እንዴት አድርጌ ልውሰደው? አንዴ መልሼዋለሁ እኮ።

የዴይራዋ
ይወሰዳል፣ አትጨነቂ። እዚያ ታኣሮፍ የሚባል ነገር አለ፤ እኛ ይሉኝታ ከምንለው ጋር ወንድምና እኅት ነው። አንድ ሁለት ጊዜ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው። አንቺም ሳታውቂው ጨዋ ልጅ ሆነሻል። ባለሱቅ እንኳ ዋጋ ስትጠይቂው «ቃቤል ነዳሬ» ይላል፤ «ለአንቺ የሚመጥን አይደለም» እንደ ማለት ነው፤ ግን ከፍለሽ ነው የምትወጪው።

ነገ ጠዋት ቁርስ ላይ አባትየው ሲቀመጡ ገንዘቡን በሁለት እጅሽ አንሺና ዐይን ዐይናቸውን እያየሽ «ዳስቴ ሾማ ዳርድ ናኮኔ» በያቸው። «እጅዎ አይታመም» ማለት ነው፤ ልክ እኛ እጅዎ ይባረክ እንደምንለው። ሌላ ማብራሪያ አታብዢ። ከዚያ ለእናትየው አንድ ነገር ስጪ፤ ገንዘብ ግን በፍጹም አይሁን።

የአዋሽ ልጅ
የዴይራዋ ያለችው ትክክል ነው፤ እኔም ታብሪዝ ላይ ይህን ባውቅ ኖሮ አንድ ሽማግሌ ባላስቀየምኩ ነበር። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን ስለ ጉዞሽ። ኢዲውን ከችግርሽ ጋር አታቀላቅዪው። እርሱን ከተቀበልሽ በኋላ፣ በሌላ ሰዓት፣ ካርድሽ እንደማይሠራ ለልጅቷ ለብቻዋ ንገሪያት። ስዊድን ወይም ጀርመን ዘመድ ያላቸው እንደሆነ ጠይቂያት፤ ብዙ ቤተሰብ አለው። ካለ፣ ያንቺ ሰው እዚያ ለዘመዳቸው ይሰጣል፣ እነርሱ እዚህ በዕለቱ ምንዛሪ ቶማን ይሰጡሻል። መጠኑን ሁለታችሁም ጻፉት። መንገድ ላይ «ዶላር፣ ዶላር» ከሚልሽ ሰው ጋር ግን አትዋዋዪ።

የበዓሉ መንግሥታዊ ዕረፍት አራት ቀን ነው፤ እስከ ቅዳሜ ይዘልቃል። እሑድ ጠዋት ሴፓህ ጎዳና ላይ ያሉት የምንዛሪ ሱቆች ይከፍታሉ፤ 35ቱን ዩሮ ያኔ ትመነዝሪያለሽ። የአውቶቡስ ትኬቱን ግን እሑድን ሳትጠብቂ ዛሬ ያዢ! በኖውሩዝ አገሩ በሙሉ መንገድ ላይ ነው፤ ወንበር ያልቃል። ልጅቷ በራሷ ካርድ በኢንተርኔት ትቁረጥልሽ፤ ገንዘቡን አንቺ ትሰጫታለሽ። መነሻው ካቬ መናኸሪያ ነው፤ ቴህራን 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ረድፍ ሦስት ወንበር ያለውን ከያዝሽ እንቅልፍ ትተኚበታለሽ። አውሮፕላንሽ ሌሊት ስለሆነ ሜትሮ አገኛለሁ ብለሽ አትመኚ፤ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ለታክሲ የሚሆን ለይተሽ አስቀምጪ።

ሰንበሌጥ
ስለ ቤተሰቡ የጻፍሽውን ካነበብኩ በኋላ ሆቴል ያልኩትን አንሥቻለሁ። አንድ ነገር ግን በብርቱ እለምንሻለሁ፦ በመገለጫሽ ላይ የልጅቷ ፊት ከነቤታቸው በር የሚታይበት ፎቶ አለ። አውርጂው። እንግዳ ያሳደሩ ሰዎች ተጠርተው ሊጠየቁ ይችላሉ፤ አንቺ ትሄጃለሽ፣ እነርሱ ግን እዚያው ናቸው። የቤቱን የበዓል ፎቶ ለራስሽ አስቀሪው።

መንገደኛዋ
አውርጄዋለሁ። ጭራሽ አላሰብኩበትም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጅቷ አሁን አጠገቤ ናት፤ እዚያው ስዊድን፣ ማልሞ ከተማ፣ አክስት አለቻት! ለወንድሜ ጽፌለታለሁ። የእሑድ ማታ ትኬት እየፈለገችልኝ ነው፤ ሁለት ወንበር ብቻ ነው የቀረው ትላለች። ለእናትየው ነጠላዬን ብሰጣቸውስ? ሌላ የምሸፍንበት ሻርፕ አለኝ። ግን የተለበሰ ነው፤ ይነወር ይሆን?

የዴይራዋ
አጥበሽ፣ አጣጥፈሽ፣ ጥለቱ ከላይ እንዲሆን አድርገሽ ስጪያቸው። ሁለት ጊዜ እምቢ ይሉሻል። ሦስተኛውን ጠብቂ።

መምህር በጡረታ
ልጄ፣ መጀመሪያ የጻፍኩት ለጊዜው እንዳልጠቀመሽ ገብቶኛል። ስለ ጾምሽ ግን አንድ የሚረዳሽ ነገር አለኝ። ከወንዙ ማዶ ጆልፋ የሚባለው ሰፈር የአርመኖች ነው፤ ሻህ አባስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያሰፈራቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከእኛዋ ጋር እኅት ናት፤ እነርሱም አሁን በጾም ላይ ናቸው። የቫንክን ካቴድራል ሳታዪ አትመለሺ። ለቤቱ እመቤት ደግሞ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል አልበላም ለማለት «ጉሽት፣ ሺር፣ ቶኽመ ሞርግ ነሚኾራም» በያቸው። አሽ ሬሽቴ የሚባለው የአትክልትና የፓስታ ሾርባ ከላዩ የሚፈስበት ካሽክ ከወተት የሚሠራ ነው፤ እርሱ ሳይደረግበት ይቅረብልሽ። በሰላም ግቢ።

ባለ ሻንጣው (መጋቢት 14)
ባንኩ ካርዱን ከፈተልሽ?

የአዋሽ ልጅ (መጋቢት 18)
መንገደኛዋ፣ ትኬቱ ተገኘ? አውሮፕላኑ ላይ ደረስሽ?

የዴይራዋ (መጋቢት 19)
እኔም በየቀኑ እየገባሁ አያለሁ። እናትየው ነጠላውን ተቀበሉ?

ቀይ ዳማ (መጋቢት 22)
ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄውን ሳነብ ቆየሁ፤ እኔም ነገ ሺራዝ እገባለሁ። ጥሬ ዩሮ በበቂ ይዣለሁ። በዓሉ አልፏልና ሱቆች ክፍት ናቸው አይደል?

የዴይራዋ (መጋቢት 22)
ነገና ከነገ ወዲያ በእነርሱ የመጀመሪያ ወር፣ በፋርቫርዲን፣ 12 እና 13 ነው፤ ሁለቱም ዝግ ናቸው። በ13ኛው ቀን ቤት ውስጥ መዋል አይወዱም፤ ሰው ሁሉ ምንጣፍና ድስት ተሸክሞ ወደ መስክ ይወጣል። ለሁለት ቀን የሚሆንሽን ሪያል ነገ እንደደረስሽ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ መንዝሪ። የሚያሳድርሽ ሰው ካለ ደግሞ ከባዶ እጅ ጣፋጭ ይዘሽ ግቢ፤ አብረሽም ወደ መስክ ውጪ።