ድኩላና ሚዳቋ የሚገቡበት የጓሮ ሰላጣ በጥሬው ይበላል?

ጠያቂ፣ ቦረና (ደቡብ ወሎ)
ማሳችን ከጫካው ዳር በመሆኑ ድኩላና ሚዳቋ ሌሊት እየወረዱ ሰላጣውን ይቀጥፋሉ፤ ጠዋት በመደቦቹ መካከል በጠጣቸውን እናገኛለን። ከላይ ካለው ምንጭም ከከብቶቻችን ጋር ይጠጣሉ። አንድ የጤና ባለሙያ ሰላጣውን ለሕፃናት በጥሬው እንዳንሰጥ ነግረውናል። አውሬዎቹ ግን ወዛቸው ያማረ፣ ጤነኞች ናቸው። ታዲያ በሽታው ከየት ይመጣል?

የእንስሳት ሐኪም፣ ደሴ
ወንድሜ፣ የእንስሳው ጤነኛ መምሰል ዋስትና አይሆንም። ኢ. ኮላይ ኦ157 የተባለው ባክቴሪያ በከብት፣ በበግ፣ በፍየልና በዱር አመንዣኪዎች አንጀት ውስጥ ሳያሳምማቸው ይኖራል፤ ምክንያቱም የሚያመነጨው መርዝ የሚጣበቅበት ተቀባይ በከብት አንጀት የደም ሥሮች ላይ የለም፤ በሰው ኩላሊት ውስጥ ግን አለ። የሰው በሽታ አምጪ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ፣ በደንብ ካልበሰለ የተፈጨ የከብት ሥጋ ነበር። በ2011 ደግሞ በዚያው አገር በኦሪገን ግዛት ሰዎችን ያሳመመው እንጆሪ የተበከለው በአጋዘን በጠጥ እንደሆነ ተረጋግጧል። ያም ሆኖ ዋናው ማደሪያው ከብት ስለሆነ ጣታችንን በድኩላው ላይ ብቻ ባንቀስር መልካም ነው፤ እኔ ብሆን መጀመሪያ የማጥረው ምንጩን ነው።

ነርስ፣ ኮምቦልቻ
ከመቶ ያነሱ ባክቴሪያዎች እንኳ ሰውን ለማሳመም ይበቃሉ። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ኃይለኛ የሆድ ቁርጠት፣ ቀጥሎም ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ይጀምራል፤ ትኩሳቱ ግን ቀላል ነው ወይም የለም። ከታመሙት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት፣ በተለይም ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት፣ የኩላሊት ድካም ሊያጋጥማቸው ይችላል። በእኛ አካባቢ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ሁሉ «አሜባ ነው» እየተባለ መድኃኒት ከፋርማሲ ይገዛል፤ በዚህ በሽታ ግን አንዳንድ ፀረ ባክቴሪያዎችም ሆኑ ተቅማጥ ማቆሚያዎች ጉዳቱን ሊያባብሱ ስለሚችሉ ሰገራ ሳይመረመር ምንም አይውሰዱ። ዱለት የሚወዱ ሰዎች ቅር ቢላቸውም፣ ጨጓራው በደንብ ካልታጠበና ካልበሰለ ከሰላጣው የበለጠ ያሰጋል።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። ሰላጣውን በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ብናጥበውስ? የምናዳብረውም በከብት ፍግ ነው።

የእንስሳት ሐኪም፣ ደሴ
ባክቴሪያውን ይቀንሰዋል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም፤ ቅጠሉ ላይ አጥብቆ ይይዛል። በጠጥ ያረፈበትን መደብ ለቅሞ መጣል፣ የቀረውንም ቀቅሎ መብላት ይሻላል፤ 70 ዲግሪ የደረሰ ሙቀት ይገድለዋል። ፍጉን በተመለከተ፣ የአሜሪካ የኦርጋኒክ ግብርና ደንብ ጥሬ ፍግ ከተጨመረበት ቀን አንሥቶ አፈር የሚነካው ምርት እስኪሰበሰብ 120 ቀን እንዲጠበቅ ያዝዛል። ሰላጣ ያን ያህል ጊዜ ስለማይቆይ፣ ፍጉን ከድርቆሽና ከቅጠል ጋር ከምረው እየገለበጡ በሙቀት ካብላሉት በኋላ ቢጠቀሙበት ይሻላል። ክምሩንም ከምንጩ በታች ያድርጉት።