ቡኒ ዚብራ ፊንች ፈልጌ ጫጩቶቹ ሁሉ ግራጫ ሆኑብኝ

ጎጆ_ሠሪ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ግራጫ ወንድና ቡኒ (ፋውን) ሴት ዚብራ ፊንች (ትንሿ የኬጅ ወፍ) አጣምሬ አራት ጫጩት አሳደጉልኝ። የጉንጫቸው ቀለም ሲወጣ ሁለቱ ወንድ፣ ሁለቱ ሴት ሆኑ። ሁሉም ግን እንደ አባታቸው ግራጫ ናቸው። የሸጠልኝ ሰውዬ «ግማሾቹ ቡኒ ይሆናሉ» ብሎኝ ነበር። ተሸወድኩ ማለት ነው? አሁን ቡኒ ለማግኘት ማንን ከማን ላጣምር? ወንድምና እህቱን ባጣምርስ?

ሰማያዊ_ላባ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ሴቷ ምንም አልሆነችም። ሰውዬው ነው የተሳሳተው። ፋውን ከፆታ ጋር ተያይዞ የሚወረስ ቀለም ነው። ወፍ ላይ ነገሩ ከሰው ይገለበጣል፤ ወንዱ ሁለት ዜድ ክሮሞዞም አለው፣ ሴቷ አንድ ዜድና አንድ ደብልዩ። የፋውን ጂን ያለው ዜዱ ላይ ነው። እናት ዜዷን የምትሰጠው ለወንድ ልጆቿ ብቻ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ወንዶችህ ከአባታቸው የመጣው ግራጫ ሸፍኖት ግራጫ ቢመስሉም ቡኒውን ደብቀው ይዘዋል። እንዲህ ያለውን አርቢዎች «ስፕሊት» ይሉታል።

የቆጥ_ጌታ፦ ሴቶቹንም እንዳትሸጣቸው። እነሱም ከእናታቸው ደብቀው ሊይዙ ይችላሉ።

ሰማያዊ_ላባ፦ የለም፣ ሴቶቹ አይይዙም። ሴት ያላት አንድ ዜድ ብቻ ስለሆነ ፋውንን መደበቅ አትችልም። ካላት ላባዋ ላይ ይታያል፤ ካልታየ የላትም። አንተ ያልከው ለነጭና ለፓይድ (ዝንጉርጉሩ) ይሠራል። እነሱን ወንድም ሴትም ደብቆ ይይዛል፤ የሚታዩት ግን ጫጩቱ ከእናትም ከአባትም ሲደርሰው ነው።

ዳጉሳ፦ ወንድምና እህት ለምን ታጣምራለህ? ስፕሊቱን ወንድ ከማንኛዋም ግራጫ ሴት ጋር ብታደርገው ውጤቱ ያው ነው፤ ከሴት ልጆቹ ግማሽ ያህሉ ቡኒ ይሆናሉ፣ ወንዶቹ ሁሉ ግራጫ። ዝምድና የሌላት ቡኒ ሴት ካገኘህለት ደግሞ ከወንዱም ከሴቱም ግማሽ ያህል ቡኒ ይወጣልሃል። «ግማሽ» ሲባል በየእንቁላሉ ዘውድና ጎፈር ነው። አምስቱም ግራጫ ቢሆኑ አትደንግጥ።

እኔ ብሆን ግን ቡኒ ወንድ ፈልጌ ከግራጫ ሴት ጋር ነበር የማደርገው። ሴት ልጆቻቸው በሙሉ ቡኒ፣ ወንዶቹ በሙሉ ግራጫ ስፕሊት ይሆናሉ። ጫጩቶቹ ላባ ሲያወጡ ጉንጭ ሳትጠብቅ ፆታቸውን ከቀለማቸው ታውቀዋለህ። በጣም ደስ የሚል ነገር ነው!

የቆጥ_ጌታ፦ አንድ ነገር ልጨምር። አንድ ኬጅ፣ አንድ ጥንድ። ብዙ ወፍ አብሮ ካለ ሴቷ ከሌላ ወንድ ጋርም ልትገናኝ ትችላለች፤ ያኔ ስሌቱ ሁሉ ገደል ገባ። ጥንድ ስትቀይርም ሴቷን ለሦስት ሳምንት ያህል ብቻዋን አቆያት፤ የበፊቱ ወንድ ዘር ሰውነቷ ውስጥ ከሳምንት በላይ ይቆያል። እግራቸው ላይ ቀለበት አድርግና የማን ልጅ እንደሆኑ ደብተር ላይ ጻፍ። በተለይ ስፕሊቶቹን፣ በዓይን ከሌላ ግራጫ አትለያቸውም።

ጎጆ_ሠሪ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገባኝ። ወንዶቹ ሦስት ወር ሊሞላቸው ነው። አሁን ባጣምራቸው ይከብዳቸዋል?

ዳጉሳ፦ መራባት ይችላሉ፣ ግን አትቸኩል። ስድስት ወር ይለፋቸው። ለሴቷ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ ልጅ ሆና ከጣለች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ሊቀርና ሊገድላት ይችላል። ከአሁኑ የተቀቀለና በደንብ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊት በትንሽ ሳህን አስቀምጥላት።