ስለ ባለሸራ ጀልባችን ሴንተርቦርድ ለጉባኤ የሚቀርብ የጋራ ሐሳብ

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ጀልባችን በጥቁር ውሃ ወንዝ መግቢያ በኩል ሴንተርቦርዷ፣ ማለትም ከሆዷ ወደ ውሃ የሚወርደውና የሚነሣው ሰሌዳ፣ ሳይነሣ ደለል ውስጥ በመግባቷ ሰሌዳው መሰንጠቁን ታውቃላችሁ። ሰሌዳው ካልወረደ ነፋሱ ጀልባዋን ወደ ጎን ስለሚነዳት ሠልጣኞችን ይዞ ወደ ሐይቁ መውጣት አይቻልም። እንጠግነው ወይስ አዲስ እናሠራ በሚለው ላይ አንድ ሐሳብ ብናቀርብ መልካም ነው፤ እኔ ወጪውን በማሰብ ወደ ጥገናው አዘነብላለሁ።

የጥገና ኃላፊ፦
ትናንት ሰሌዳውን ከማቀፊያው፣ ማለትም በጀልባዋ ውስጥ ከሚቀመጥበት ጠባብ ሣጥን፣ አውጥቼ መረመርኩት። ስንጥቁን በአውራ ጣት ሲጫኑት ውሃ ጠብ ይላል፤ ሰሌዳው በሚዞርበት ቡሎን ቀዳዳ ዙሪያም እንጨቱ ጠቁሮ ጥፍር ያስገባል። ጉዳቱ ጫፉ ላይ ቢሆን ኖሮ የተበላሸውን ቆርጠን፣ መጋጠሚያውን የ2.2 ሳንቲ ሜትር ውፍረቱን ስምንት እጥፍ፣ ማለትም 18 ሳንቲ ሜትር ያህል በሰያፍ አስልለን ኢፖክሲ በሚባለው ጠንካራ ማጣበቂያ እንቀጥለው ነበር። ስንጥቁ ያለው ግን ሰሌዳው ከጀልባዋ ሆድ በሚወጣበት መስመር ላይ ነው፤ ውሃው ከጎን ሲገፋው ጫናው የሚበረታው እዚያው ስለሆነ በዚህ ቦታ ቅጥያ አላምንም።

አንድ አባል፦
አዲስ ይሠራ በሚለው እስማማለሁ፤ ነገር ግን የ6 ሚሊ ሜትር ላሜራ ብናስቆርጥ ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ አይሰበርምም።

የጥገና ኃላፊ፦
ወንድሜ፣ ቶሎ ማለቁ እውነት ነው። ሆኖም 110 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላሜራ 15 ኪሎ ግራም ያልፋል፤ የእንጨቱ ከ4 ኪሎ ብዙም አይርቅም፣ የሰሌዳውን ማንሻ ገመድ የሚስቡት ደግሞ ልጆች ናቸው። ከዚህም በላይ ማቀፊያው 2.6 ሳንቲ ሜትር ስፋት ስላለው ቀጭን ብረት በማዕበል ግራና ቀኝ እየተላተመ ማቀፊያውን ይሰነጥቀዋል፤ ያን ጊዜ ችግሩ የሰሌዳ መሆኑ ቀርቶ የጀልባዋ ይሆናል። ስለዚህ አሮጌውን እንደ ልክ ይዘን፣ ጠባብ የዋንዛ ጣውላዎችን የእንጨቱን የዕድገት ቀለበት አቅጣጫ እያፈራረቅን ጎን ለጎን ብናጣብቅ ይሻላል፤ አንድ ወጥ ጣውላ ይጣመማል፣ ፕላይውድም ግማሽ ያህሉ ንብርብር አግድም ስለሚተኛ ለመታጠፍ ይቀለዋል። የቡሎኑን ቀዳዳ አስፍተን በስተን በኢፖክሲ ከሞላን በኋላ በልኩ ደግመን ስንበሳው ውሃ ወደ እንጨቱ አይደርስም። በመጨረሻም ፋይበርግላስ (ከመስታወት ክር የተሠራ ጨርቅ) በኢፖክሲ እናለብሰዋለን፤ ኢፖክሲው ሲደርቅ ላዩ ላይ የሚወጣው ቅባት መሰል ነገር በንጹህ ውሃ ሳይታጠብ ብርጭቆ ወረቀት እንዳይነካው አደራ እላለሁ፣ አለዚያ ቀለሙ ይላጣል።

ሌላ አባል፦
ማቀፊያው ሳይመረመር ጣውላ አይገዛ። በደለሉ ግጭት ጊዜ እርሱም ተመትቶ ሊሆን ይችላል።

ጸሐፊ፦
ማስረጃው ስላሳመነኝ ሐሳቤን ለውጫለሁ። ረቂቁ እንዲህ ይሁን፦ «ማቀፊያው በውሃ ተሞልቶ አለመንጠባጠቡ በቅድሚያ ይረጋገጥ፤ ከዚያም ከተጣበቀ ዋንዛ አዲስ ሴንተርቦርድ ይሠራ፤ ጀልባዋ ወደ ዳርቻ በምትጠጋበት ጊዜ ሁሉ የማንሻውን ገመድ የሚይዝ አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።» ማሻሻያ ያላችሁ እስከ ቅዳሜ አሳውቁኝ።