የቤዛዊት ኮረብታ፦ ረቂቁ ላይ አስተያየት ስጡበት

ጸሐፊ፦ እንደምን አደራችሁ። ማኅበራችን በባሕር ዳር ስላለው የቤዛዊት ኮረብታ ተከላ የሚያቀርበው ማመልከቻ ረቂቅ ዋና ዐረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራውን ቤተ መንግሥት ዙሪያ በአበባ፣ በሣርና በጥላ ዛፍ ማስዋብ።»

ጡረተኛው መምህር፦ «ማስዋብ» የምትለዋ ቃል አልተዋጠችልኝም። ቤዛዊት የሚወጣ ሰው እኮ ለቤቱ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚቆመው። ዐባይ ከጣና ወጥቶ ሲጠማዘዝ፣ ማለዳ ከሆነም ጉማሬ ብቅ ሲል ያያል። የዚያ ቤት አትክልት ቦታ ወንዙ ነው፤ የእኛ ሥራ አለመጋረድ ነው።

ሒሳብ ሹም፦ ቁልቁለቱን ባሕር ዛፍ ብናለብሰውስ? ቶሎ ይደርሳል፣ ተሽጦም ለማኅበሩ ገቢ ይሆናል።

የደን ባለሙያዋ፦ ጋሼ፣ ቶሎ መድረሱማ ነው ችግሩ። በጥቂት ዓመት ውስጥ መምህር የሚሉትን ወንዝ ይከልለዋል፤ ከሥሩም ሣር እንደ ልብ አያበቅልም። ጣና በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር (ሰውና ተፈጥሮ ተጠባብቀው የሚኖሩበት) ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግቧል፤ ደጃፉ ላይ ባሕር ዛፍ እንትከል ብለን ማመልከት ያሳፍራል። ከላይ ክፍት ይሁን፤ ከወገቡ በታች ዋንዛ፣ ዶቅማ፣ ወይራ። ዘሩ ጣና ዳር ካለው ከዘጌ ደን ይምጣ። እዚያ ማረስ ነውር ስለሆነ ቡናው እስከ ዛሬ በዛፍ ጥላ ሥር ነው።

አንድ ነገር ልናዘዝ። አምና ከተከልናቸው ችግኞች የደረቀውን አንዱን ነቅዬ ነበር። ሥሩ በጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ እንደ ድር ልቃቂት ተጠቅልሎ ቀርቷል። ላስቲኩን ሳንቀድ ነው የቀበርነው። ፎቶግራፍ ለመነሣት ስንጣደፍ! ዘንድሮ ጉድጓዱ በግንቦት ይቆፈር፣ ተከላው ዝናቡ ሲጠና በሐምሌ፤ ላስቲኩን ሳይቀድ የሚተክል አይምጣ።

መምህር፦ ልጄ፣ ከቀባሪዎቹ አንዱ እኔ ነኝ።

ጸሐፊ፦ ቅጽር ግቢው የመንግሥት ስለሆነ ጥያቄያችን ከአጥሩ ውጭ ላለው ቁልቁለት ብቻ ይሁን። እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦ «ከኮረብታው አናት ወደ ዐባይ የሚያሳየውን ገጽታ ክፍት አድርጎ መጠበቅ፤ ቁልቁለቱን በአገር በቀል ዛፎች መሸፈን።»

ሒሳብ ሹም፦ ባሕር ዛፉን ትቻለሁ። ግን ከኅዳር እስከ ግንቦት ውኃ የሚያጠጣው ሰው ደመወዝ የት አለ?

ጸሐፊ፦ የአበባውን ገንዘብ ወደዚያ አዙሬዋለሁ።