የሥራ ድጋፍ ፕሮፖዛል፦ ሦስተኛው ረቂቅ፣ አስተያየት እስከ ሐሙስ ማታ

ጸሐፊ
የሐዋሳው የኦቲዝም ወላጆች ማኅበራችን ሦስተኛው ረቂቅ ይኸው። ሐሳቡ አንድ ነው። ከ18 ዓመት በላይ የሆኑ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆቻችን ሥራ ሲፈልጉና ሲጀምሩ አብሯቸው የሚቆም አንድ የሥራ አጋዥ ለአንድ ዓመት እንቅጠር። አጋዡ ቀጣሪ ያነጋግራል፤ ሥራውን ቀድሞ ሄዶ ያያል፤ ልጁ ሲጀምር አጠገቡ ይሆናል፤ ልጁ እየቻለ ሲሄድ እሱ ቀስ በቀስ ይርቃል። በጀቱ ሦስት መስመር አለው፦ የአጋዡ ደሞዝ፣ የሥዕል መመሪያ ማተሚያ፣ የጠዋትና የማታ ባጃጅ ኮንትራት። ባጃጁ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ተነስቶ ታቦር ክፍለ ከተማን አዳርሶ ይሄዳል። ዓርብ ጠዋት ገንዘቡን ለምንጠይቀው ቢሮ ይገባል።

የቱላ አባት
ቱላ የት ገባ?

ጸሐፊ
ቱላ ሲጨመር የኮንትራቱ ዋጋ ይንራል። የቱላ ልጆች በታክሲ ወደ መናኸሪያ መጥተው እዚያ ይሳፈሩ ብለን ነው።

የቱላ አባት
"ብለን" ያልሽው ማንን ነው? እኔ አላልኩም። መዋጮ ሲሰበሰብ ቱላ ቅርብ ናት፣ ባጃጅ ሲመደብ ትርቃለች። የመጋቢት 24 ዕለት፣ በዓለም የኦቲዝም ቀን፣ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጆቹን አልብሰን መንገድ ዳር ቆመን ቀረን። ልጄ እስከ ዛሬ ያነሳዋል። ይህ ካልተስተካከለ አልፈርምም።

ሒሳብ ያዥ
የመጋቢት 24ቱ ተዘግቷል። ሾፌሩ ነው የቀረው፣ ማኅበሩ አይደለም።

የቱላ አባት
ለእናንተ ተዘግቷል።

ታላቅ እህት
ስለ ባጃጅ ከመነጋገራችን በፊት እባካችሁ ገጽ ሁለትን አንብቡ። ስለ ቃለ መጠይቅ የተጻፈው አንድ መስመር ነው። ወንድሜ ዲግሪ አለው። ሲቪውን አይተው ይጠሩታል። ከዚያ "እስቲ ስለ ራስህ ንገረን" ይሉታል። እሱም የተጠየቀውን ይመልሳል፣ ከተወለደበት ጀምሮ፣ ዓመተ ምሕረት እየጠቀሰ፣ ዓይናቸውን ሳያይ። ሁለተኛ ጥያቄ አይመጣም። "እንደውልልሃለን" ብለው ይሸኙታል። እንደውላለን ስላሉ ስልኩን ይዞ ይጠብቃል። እኔ የምለው፣ ቀጣሪዎችን በግልጽ እንጠይቃቸው። በቃለ መጠይቅ ፋንታ ሥራውን አንድ ሳምንት ያሠሩት፣ ከዚያ ይፍረዱ። መጠየቅ የግድ ከሆነም ጥያቄዎቹን አስቀድመው በጽሑፍ ይስጡት።

የልዩ ፍላጎት መምህር
እስማማለሁ። ይህ ልመና እንዳይመስል ደግሞ አዋጁ ይግባ። የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚሸፍነው የአካል ጉዳትን ብቻ አይደለም፤ የአእምሮና የስሜት ሕዋሳት ጉዳትንም ያካትታል። አሠሪው ተስማሚ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲያመቻች፣ ሥራውን ለመሥራት ወይም ሥልጠናውን ለመከታተል ረዳት እንዲመድብም ግዴታ ይጥልበታል። እኛ "አጋዥ" የምንለው ሰው እኮ ሕግ ውስጥ አለ። ረቂቁ ግን አንድም ቦታ አይጠቅሰውም።

ጸሐፊ
እጨምራለሁ።

የታቦር እናት
ባጃጁ ታቦርን "አዳርሶ" ማለት እስከ የት ድረስ ነው? ልጄ ባጃጅ ውስጥ ሙዚቃ ከተከፈተ ይወርዳል፣ እየሄደም ቢሆን። ሾፌሩ በየቀኑ ከተቀያየረ ጨርሶ አይገባም። አንድ ሾፌር፣ አንድ ሰዓት፣ አንድ መንገድ። ይህ ኮንትራቱ ላይ ይጻፍልኝ።

የቱላ አባት
ልክ ነሽ እህቴ። የታቦሩ ልጅ እንዲህ ከሆነ የቱላውን አስቢው። መጀመሪያ ታክሲ ሊጋፋ ነው፣ ከዚያ ወርዶ ባጃጅ ሊይዝ ነው። ሥራ ቦታ ሳይደርስ ጉልበቱ አልቋል።

ሰብሳቢ
ነጥቡ ትክክል ነው። ከቱላ ስንት ልጆች ናቸው?

የቱላ አባት
አሁን ደግሞ በቁጥር መጣችሁ?

ሰብሳቢ
ለበጀቱ ነው የጠየቅሁት ወንድሜ።

የቱላ አባት
ሁለት ናቸው። ሁለቱ ልጆች አይደሉም?

የመናኸሪያ አባት
መነሻው ቱላ ይሁን ከተባለ የመናኸሪያ ልጆች ስንት ሰዓት ሊደርሱ ነው? የኔ ልጅ ሰዓት ካለፈ ያን ቀን ምንም አይሠራም። ለማንኛውም ሥራ ላይ እናተኩር። እኔ ሰኞ ሄጄ ዳቦ ቤቱንና የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት አነጋግራለሁ። የማውቃቸው ሰዎች አሉ። ረቂቁ ላይ ስሜን ጻፉት።

ጸሐፊ
እግዜር ይስጥልን። ጻፍኩት።

የሐይቅ ዳር እናት
ቀጣሪ ስትመርጡ ልጆቹን እያያችሁ ምረጡ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ሁላችንም "እንግዲህ ሥራ መጣ" ብለን ነበር። የስፌት አዳራሹን ገብታችሁ አይታችኋል? የመኪናው ድምፅ፣ ከላይ ያለው መብራት፣ የመስመር አለቃው ጩኸት። ልጄ ጆሮውን ይዞ ነው የወጣው። በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ ገበያዋ፣ ካስወጣችን ወዲህ ደግሞ የለመዱትም ሠራተኞች ተቀንሰዋል። አሞራ ገደል ዓሣ ማጽዳት የሚል ሰውም ነበር፤ ሽታውን ለማይችል ልጅ እንዴት ይሆናል? የዚሁ ልጅ የጎረቤት ልጅ ግን ዓሣ ሲበልት ቢውል አይሰለቸውም። ኦቲዝም ስላላቸው ሁሉም ቆጠራ ይወዳሉ፣ ሁሉም ኮምፒውተር ይችላሉ ማለት አይደለም። አጋዡ መጀመሪያ ልጁን ይወቅ።

ሌላም ላንሳ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ጥያቄው ትምህርት ነበር። የዚያን ጊዜ ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ስለ ሕፃኑ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። ስለ ጎልማሳው የሚጠይቀኝ የለም። ይህ ወረቀት ለዚያ ነው።

ወጣት አባል
እኔ ኦቲዝም አለብኝ። መጋዘን ውስጥ ሠርቼ አውቃለሁ። ሥራውን እወደው ነበር። ሁለት አለቃ ነበረኝ። አንዱ "ቁጠር" ይለኛል፣ አንዱ "ተወው" ይለኛል። "ቶሎ በል" ይሉኛል። ምን ያህል ቶሎ እንደሆነ አይነግሩኝም። ምሳ ሰዓት ሁሉም አብሮ ይበላል። እኔ ብቻዬን ስበላ ኮርቷል አሉ። አጋዥ ቢኖር ለአለቃዎቹ ያስረዳ ነበር። ባጃጅ አልፈልግም። በእግሬ እሄዳለሁ።

ታላቅ እህት
ወንድሜ፣ የጻፍከው እንዳለ ፕሮፖዛሉ ውስጥ መግባት አለበት። ጸሐፊ፣ እባክሽ አስገቢው።

ሒሳብ ያዥ
ቱላ ገብቶ ያለውን ዋጋ ከሾፌር ጠይቄ መጣሁ። የባጃጁ ኮንትራት ከአጋዡ ደሞዝ በለጠ። ለሁለት ልጅ ብለን ሙሉ በጀት አናፈርስም። ቱላዎች ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ መጥታችሁ ነው የምታምሱት።

የቱላ አባት
"ቱላዎች" ማለት ምን ማለት ነው? ደረሰኞችህን እዚህ ለጥፋቸው። ያለፈው ዓመት የቲሸርቱ፣ የባነሩ፣ የሻዩ። እኛ ያልለበስነውን ቲሸርት ስንት ከፍለንበት እንደሆነ ሰው ይይ።

ሒሳብ ያዥ
ደረሰኙ ፋይል ውስጥ ነው። በነፃ የማገለግለው እንዲህ ልሰደብ አይደለም። ከፈለጋችሁ ሌላ ሰው ምረጡ። ቁልፉን አስረክባለሁ።

የቱላ አባት
አስረክባ።

የታቦር እናት
ጠብ ከሆነ እኔም እወጣለሁ።

የሐይቅ ዳር እናት
ኧረ በእግዚአብሔር! ልጆቻችሁን ይዛችሁ አንድ ወንበር ላይ የጠበቃችሁ ሰዎች ናችሁ። አንተ ሒሳብ ያዡ፣ የዚህ ሰው ልጅ የታመመ ጊዜ ሌሊት መኪና ይዘህ ቱላ ድረስ የሄድከው አንተ ነህ። ዛሬ ምን ነካህ? ሁለታችሁም እስከ ነገ ምንም አትጻፉ።

ሰብሳቢ
እናታችን ያሉት ይከበር። ነገ እንቀጥል።

የቱላ አባት
ደህና አደራችሁ። ስለ ደረሰኙ የጻፍኩትን ትቼዋለሁ። ባጃጁን ግን አልተውኩም።

ሒሳብ ያዥ
እኔም ቁልፉን ይዤዋለሁ። አሁን ሒሳቡን እንይ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 መሠረት የአስተዳደር ወጪያችን ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ልጆቹን ማመላለስ የፕሮግራም ወጪ ነው ብለን መከራከር እንችላለን፣ እሱ አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ ጠቅላላው ነው። ቢሮው ካለው በላይ አይሰጥም። ቱላ ከገባ ከሌላ ቦታ ይቀነሳል።

የልዩ ፍላጎት መምህር
ከየት?

ሒሳብ ያዥ
ከአጋዡ። ዓመቱን ወደ አራት ወር እናውርደው።

የልዩ ፍላጎት መምህር
ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው አሥር ሳምንት ማለት ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ አሠሪው "አልተስማማኝም" ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። ልጆቻችን የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። አጋዡ ደግሞ አንድ ሰው ነው፣ በአንድ ጊዜ ሦስት ቦታ አይቆምም። ቀጣሪ ለማግኘት የሚፈጀውን ጨምሩበትና አራት ወር አንድ ልጅ ቢያሻግር ነው።

አሜሪካ ሲንሲናቲ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል በ1996 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ፕሮጀክት ሰርች የሚባል አሠራር አለ። ወጣቶቹ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል እዚያው ሥራ ቦታ ይውላሉ። ከአንዱ የሥራ ክፍል ወደ ሌላው እየተዘዋወሩ ይለማመዳሉ፣ አሠልጣኝ አብሯቸው አለ። አንድ የትምህርት ዓመት ይፈጃል። እኛም ሆስፒታል አለን፣ የካርድ ክፍል አለ፣ የልብስ ማጠቢያ አለ። ጊዜውን ከቀነሳችሁት ግን የሚቀረን ባጃጅ ብቻ ነው።

የታቦር እናት
መምህር፣ እውነት ብለዋል። ግን ልጁ ካልደረሰ አጋዡ ማንን ያግዛል? የኔ ልጅ የሙያ ሥልጠናውን ያቋረጠው በመንገድ ምክንያት ነው። ሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን፣ ሊፈተን ሄዶም ግቢው ሲጮህበት ከበር ተመለሰ።

ታላቅ እህት
እንግዲያው ሲኦሲውም ይግባ። ለብቻው፣ ጸጥ ባለ ሰዓት ይፈተን ብለን እንጠይቅ። ተያዥስ? መጋዘንና ሱቅ ተያዥ ሳይዙ አይቀጥሩም። የወንድሜን አጎቶች ጠይቄ ሁሉም "እሱ ቢያጠፋስ?" አሉኝ። አንድም ነገር ሰርቆ አያውቅም። የማይዋሽ ልጅ ነው፣ እሱ ነው ችግሩ።

ሰብሳቢ
የተያዡን ነገር በሌላ ጊዜ እናየዋለን። ነገ ዓርብ ነው። ስለ ባጃጁ ድምፅ ስጡ። ቱላ ይግባ የምትሉ "ይግባ" በሉ።

የቱላ አባት
ይግባ።

የታቦር እናት
ይግባ። ግን ታቦር ቀድሞ ይነሳ።

የሐይቅ ዳር እናት
ይግባ። የአጋዡ ደሞዝ ግን አይነካ።

ሒሳብ ያዥ
ሁለቱ አብረው አይሄዱም ብያለሁ እኮ። ይግባ።

የልዩ ፍላጎት መምህር
ባጃጁን አልቃወምም። ዓመቱ እንዳይቆረጥ ነው የምለው። ሐሳቤ ይመዝገብ።

ታላቅ እህት
የመናኸሪያው አባት የት አሉ? ሰኞ ዳቦ ቤቱ ሄደው ነበር? አንድ ቀጣሪ እንኳ ተስማምቷል ብለን ብንጽፍ ቢሮው በሌላ ዓይን ያየን ነበር።

ጸሐፊ
ደወልኩላቸው፣ አያነሱም። መልእክቱን አይተውታል።

ወጣት አባል
ቤተ መጻሕፍቱን እኔ ልጠይቅ? መጽሐፍ በቁጥር መደርደር እችላለሁ። ማንን እንደምጠይቅ ግን አላውቅም።

ታላቅ እህት
ሰኞ አብረን እንሄዳለን። ሦስት ሰዓት፣ ዋናው በር። ምን እንደምንል ዛሬ ማታ ጽፌ እልክልሃለሁ።

ወጣት አባል
እሺ። ሦስት ሰዓት።

ጸሐፊ
አራተኛው ረቂቅ ተለጥፏል። የተቀየረውን ልንገራችሁ። ርዕሱ "የትራንስፖርትና የሥራ ድጋፍ" ሆኗል። ባጃጁ ከቱላ ይነሳል፤ አንድ ሾፌር፣ ሙዚቃ የለም። የአጋዡ ጊዜ አራት ወር ነው፤ የመምህሩ ተቃውሞ ቃለ ጉባኤው ላይ ሰፍሯል። የአንድ ሳምንት ሙከራውና የሲኦሲው ጥያቄ በአባሪ ገብተዋል። የአዋጁን አንቀጽ ሰብሳቢያችን ቢሮውን መክሰስ ይመስላል ስላሉ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሬዋለሁ። የወጣት አባላችን ጽሑፍ እንዳለ ሁለተኛው ገጽ ላይ አለ።

የልዩ ፍላጎት መምህር
አዋጁ መብታችን ነው። ማንንም አይከስም። ቁጥሩ እንኳ ይቅር እንዳትሉ።

ጸሐፊ
ቁጥሩ አለ መምህር። ጋሼ ሰብሳቢ፣ ማኅተሙ እርስዎ ጋ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮው በር ላይ ነኝ።

ሰብሳቢ
እመጣለሁ።

የቱላ አባት
አነበብኩት። እፈርማለሁ። ባጃጁ ከቱላ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?

ጸሐፊ
12 ሰዓት ተኩል።

የመናኸሪያ አባት
እንዲያ ከሆነ መናኸሪያ ሲደርስ ረፍዷል። 12 ሰዓት ይሁን።