አልፎ አልፎ ለሚጫወት ሰው የኮንሶል ጌም ስንገመግም ምን እንለካ?

ማታ_ብቻ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ታዋቂ የኮንሶል ጌሞች አጫጭር ግምገማ ለመጻፍ እየተዘጋጀሁ ነው። አንባቢዎቹ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ ቢበዛ ለ45 ደቂቃ የሚጫወቱ ሰዎች ናቸው። በየቦታው የሚነበበው ግምገማ ስለ ግራፊክሱ፣ ስለ ታሪኩና ስለ ቦሶቹ (ከባዶቹ ዋና ጠላቶች) ብዙ ይልና መጨረሻ ላይ ከ10 ነጥብ ይሰጣል። አልፎ አልፎ የሚጫወት ሰው የሚቸገረው ግን በሌላ ነው። ድንገት ሲጠራ ጌሙን የት ላይ ማቆም ይችላል? ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለስ ምን ሲሠራ እንደነበር ይገባዋል? ጆይስቲክ ጨብጦ የማያውቅ ሰው አጠገቡ ቢቀመጥ አብረው መጫወት ይችላሉ?

ለመጀመሪያው ዙር የመረጥኳቸው ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ፣ ኢት ቴክስ ቱ፣ ስፓይደርማን፣ ስታርዲው ቫሊ፣ ኤልደን ሪንግና የእግር ኳሱ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ናቸው። እነዚህን ስፈትሽ በትክክል ምኑን ልለካ? ቁጥርና የሴቲንግ ስም ያለበት መልስ ብታገኙልኝ ደስ ይለኛል።

ሴቭ_ነጥብ፦

ከሁሉ አስቀድመህ ማቋረጥን ለካ። ጌሙን ሦስት ቦታ ላይ አቋርጠው፦ ሚሽን መሀል፣ ውጊያ መሀል፣ እንዲሁ ስትዘዋወር። በየጊዜው ሙሉ በሙሉ ዝጋውና እንደገና ክፈተው። ከዚያ ስንት ደቂቃ ጨዋታ እንደጠፋብህ በሰዓት ያዝ። «በራሱ ሴቭ ያደርጋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለአንባቢው ምንም አይነግረውም። በየ2 ደቂቃው ሴቭ የሚያደርግ ጌምና በየ25 ደቂቃው የሚያደርግ ጌም 45 ደቂቃ ላለው ሰው ሰማይና ምድር ናቸው።

ስታርዲው ቫሊን እንውሰድ። ሴቭ የሚያደርገው ገጸ ባህሪው ሲተኛ ብቻ ነው። የጌሙ ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ይሄዳል፤ የጌሙ 10 ደቂቃ በእኛ ሰዓት 7 ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ሙሉው ቀን 14 ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል። ስለዚህ በ45 ደቂቃ ሦስት ቀን ይጫወታል፤ ከቸኮለም ገና በጠዋት አልጋው ላይ ወጥቶ መተኛትና ሴቭ ማድረግ ይችላል። ለብቻ ሲጫወቱ ሜኑ ሲከፈት ሰዓቱ ይቆማል፣ ለሁለት ሲሆኑ ግን አይቆምም። ይህን ያላወቁ ሁለት ሰዎች አንዱ ዕቃውን ሲያስተካክል ቀኑ ይመሽባቸዋል።

ኤልደን ሪንግ ላይ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሜኑ ብትከፍትም ጠላት መምታቱን አይተውም። ብዙ ሰው በዚህ ብቻ ተነስቶ «ጊዜ ለሌለው ሰው አይሆንም» ይላል። ነገር ግን ያለማቋረጥ ሴቭ ስለሚያደርግ በሜኑው በኩል ከጌሙ ወጥተህ ስትመለስ ቆመህ የነበረበት ቦታ ላይ ትነሳለህ። ከቦስ ጋር ስትፋለም ከወጣህ ብቻ ከበሩ ውጭ ያደርግሃል። ስለዚህ ለጊዜው ማቆምንና ወጥቶ መሄድን ለያይተህ ጻፍ። ስልክ ለማንሳት ሜኑ ከፍቶ ውጊያን ማቆም አይቻልም፤ ለዛሬ ይበቃኛል ብሎ መውጣት ግን ከብዙ ጌሞች ይቀላል። የክብደት ደረጃ መምረጫ እንደሌለው ደግሞ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ይቀመጥ፤ እሱ ለዚህ አንባቢ ዋናው መረጃ ነው።

አንድ ጥንቃቄ። ኮንሶሉን አስተኝተህ ስትመለስ ጌሙ ካቆመበት ቢቀጥል ያ የኮንሶሉ ሥራ ነው፣ ለጌሙ ነጥብ አትስጥበት። ፕሌይስቴሽን 5 በሬስት ሞድ የሚይዘው አንድ ጌም ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው መጥቶ ሌላ ጌም ከከፈተ የመጀመሪያው ይዘጋል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስና ሲሪስ ኤስ በኩዊክ ሪዙም ብዙ ጌም ይይዛሉ፣ ከሶኬት ቢነቀሉም አይጠፋባቸውም። ሆኖም ጌሙ አፕዴት ከተደረገ ከመጀመሪያው ይነሳል፣ የኦንላይን ጌም ከሆነም ግንኙነቱ ተቋርጦ ይቆይሃል። ስዊች ተኝቶ ሳለ ባትሪው ካለቀ ሴቭ ያልተደረገው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ፈተናው ሁልጊዜ ጌሙን ዘግቶ ነው።

ቀስ_በል፦

ሴቭ_ነጥብ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ማገዣ ሴቲንጎች ነው። «ኢዚ ሞድ አለው» ብለህ አትለፍ። ምኑን እንደሚያቀልና በምትኩ ምን እንደሚወስድ ጻፍ።

ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ጥሩ ምሳሌ ነው። ስማርት ስቲሪንግ ሲበራ ካርቱ ከመንገድ እንዳይወጣ ጌሙ ራሱ ይመልሰዋል፤ አውቶ አክስለሬት ደግሞ የነዳጁን ቁልፍ ይይዝለታል። ሁለቱም ከበሩ ተጫዋቹ መሪውን ብቻ እያዞረ ሩጫውን ይጨርሳል። ነገር ግን ስማርት ስቲሪንግ አንዳንድ አቋራጮችን አያስገባም፣ የድሪፍቱን (መታጠፊያ ላይ ተንሸራትቶ የመዞሩን) ሦስተኛ ደረጃ፣ ማለትም ከሰማያዊና ከብርቱካናማ ቀጥሎ የሚመጣውን ሐምራዊ ብልጭታም ይከለክላል። ካርቱ ከኋላው ትንሽ አንቴና ካለው ስማርት ስቲሪንግ በርቷል ማለት ነው። ትንሽ የለመደ ሰው «ጌሙ ወደምፈልገው አይሄድልኝም» ብሎ ሲማረር መጀመሪያ አንቴናውን እይ፤ ሩጫውን በፕላስ ቁልፍ አቁሞ ማጥፋት ይቻላል። ጀማሪን በ50 ሲሲ፣ ማለትም በዝግተኛው የፍጥነት ደረጃ አስጀምር። የ10 ሳንቲሙንም ነገር ንገር፦ እስከ 10 ድረስ እያንዳንዱ ሳንቲም የካርቱን ከፍተኛ ፍጥነት ይጨምራል፣ ይህ ደግሞ ምንም ችሎታ የማይጠይቅ ጥቅም ነው።

በ2018 የወጣው ስፓይደርማን ፍሬንድሊ የሚባል ቀላል ደረጃ አለው። ከእሱ የሚበልጠው ግን ሴቲንግ ውስጥ ያለው ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ቁልፍ ፈጥኖ መጫን የሚጠይቁት ትዕይንቶች በራሳቸው እንዲያልፉ ማድረግ ይቻላል፣ የላብራቶሪ እንቆቅልሾችንም መዝለል ይቻላል። ጣቱ ቁልፎቹን ገና ያልለመደ ሰው ጌሙን ጥሎ የሚሄደው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ስለሆነ ሁለቱን በስም ጥቀስ።

ማገዣ እንዴት መሠራት እንዳለበት ማየት ከፈለግህ ሄዲስና ሴሌስት የሚባሉትን ጌሞች ፈትሽ። የሄዲስ ጎድ ሞድ ጉዳትን በ20 በመቶ በመቀነስ ይጀምርና በሞትክ ቁጥር 2 በመቶ እየጨመረ 80 በመቶ ላይ ይቆማል። ጣሪያው ጋ ለመድረስ 30 ሞት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ ተጫዋቹ እየተማረ ጌሙም አብሮ እየለሰለሰ ይሄዳል። ሴሌስት ደግሞ የጌሙን ፍጥነት በ10 በመቶ እየቀነስክ እስከ 50 በመቶ እንድታወርድ ይፈቅድልሃል። የመዝለያው ሰዓት አልገጥም ያለው ሰው 80 በመቶ ላይ ሲያደርገው ብዙ ጊዜ ይበቃዋል።

ሁለተኛው_ጆይስቲክ፦

አብሮ ስለመጫወት ልጻፍ። ለዚህ አንባቢ ትልቁ መመዘኛ ስንት አናሎግ (በአውራ ጣት የሚገፋው የጆይስቲኩ ዘንግ) ያስፈልጋል የሚለው ነው። ማሪዮ ካርት በግራ አናሎግና በአንድ ቁልፍ ይሄዳል። ኢት ቴክስ ቱ ግን በግራው እየሄዱ በቀኙ ካሜራ ማዞር ይጠይቃል። ጀማሪን አስተውለህ እይ፤ ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ካሜራውን ያዞራል፣ እንደገና ይሄዳል። ሁለቱን በአንድ ላይ ማድረግ እስኪችል ድረስ እያንዳንዱ ዝላይ ገደል ነው። ኢት ቴክስ ቱ ሲሞቱ ወዲያው ስለሚመልስና ቼክፖይንቶቹ (ሲሞቱ የሚነሱባቸው ቦታዎች) ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ይህን ይታገሳል። ሆኖም ለብቻ መጫወት ፈጽሞ የማይቻል ጌም ነው። ሁለቱም ሰዎች ከ12 እስከ 14 ሰዓት አብረው ለመቀመጥ መስማማት አለባቸው፤ በ45 ደቂቃ ሲከፈል ከ16 እስከ 19 ምሽት ማለት ነው። ግምገማህ ላይ ይህን ስሌት አስቀምጥ። በአንድ ስክሪን አንድ ጌም ለሁለት ይበቃል፤ በኦንላይንም ቢሆን በፍሬንድስ ፓስ ሁለተኛው ሰው ሳይገዛ ይጫወታል።

እኩል ችሎታ ለሌላቸው ሰዎች የ2023ቱን ሱፐር ማሪዮ ብሮስ ዎንደር ብትጨምር መልካም ነው። ዮሺና ናቢት የሚባሉት ገጸ ባህሪያት በጠላት አይጎዱም፤ ገደል ከገቡ ግን ይሞታሉ። አንባቢው እዚህ ላይ እንዳይሳሳት፣ «የማይሞት» ብለህ አትጻፍ። ካሜራው ዘውድ የያዘውን ተጫዋች ስለሚከተል ዘውዱ ፈጣኑ ሰው ላይ ካለ ጀማሪው ከስክሪን እየወጣ ወደ መንፈስነት ይቀየራል። ፈጣኑ ሰው ቆም ብሎ መጠበቅ አለበት።

በተጨማሪ ሁለት ቴክኒካዊ ነገሮች። ማሪዮ ካርት 8 ዴሉክስ ለአንድና ለሁለት ሰው በሰከንድ 60 ፍሬም (ምስል) ሲሆን ለሦስትና ለአራት ሰው ስክሪኑ ሲከፈል ወደ 30 ይወርዳል። ስለዚህ ለብቻህ ሞክረህ «ለአራት ሰው ምርጥ ነው» አትበል። ሌላው፣ ማንኛውንም ጌም «ቁልፉ ዘግይቶ ይሰማል» ከማለትህ በፊት ቴሌቪዥኑን ጌም ሞድ ላይ አድርገው። ምስሉን የሚያሳምረው ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ ቁልፍ ተጭነህ ገጸ ባህሪው እስኪዘል ያለው ክፍተት ይሰፋል፣ ጥፋቱም በጌሙ ይመካኛል።

ማታ_ብቻ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘውዱንና አንቴናውን ማንም ጽፎት አላየሁም። ስለ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲና ስለ ስቶሬጅ (ስለ ኮንሶሉ ማከማቻ ቦታ) የሚያውቅ ካለ ይጨምርልኝ።

ሁለት_ለባዶ፦

ኤፍሲን እንደ አንድ ጌም አትገምግመው፤ ቢያንስ ሁለት ጌም ነው። እስከ ፊፋ 23 በቀድሞ ስሙ ሲወጣ የነበረው ተከታታይ በ2023 ኤፍሲ 24 ሲባል ይህ አልተቀየረም።

የመጀመሪያው ኦፍላይን ነው፦ የወዳጅነት ጨዋታና ካሪየር ሞድ (አንድ ቡድን ወይም ተጫዋች ለብዙ የውድድር ዘመን የሚመራበት)። የተለመደው ግማሽ 6 ደቂቃ ስለሆነ አንድ ጨዋታ ከነመልሶ ማሳያው ከ15 ደቂቃ ያልፋል፤ በ45 ደቂቃ ሁለት ጨዋታ ዘና ብሎ ይገባል። ፖዝ እንደልብ ነው። የክብደት ደረጃው ከቢጊነር እስከ አልቲሜት 7 ነው፤ ለዚህ አንባቢ አማተር ወይም ሴሚ ፕሮ ይበቃል። ሴሚ ፕሮን በቀላሉ እያሸነፈ ፕሮፌሽናል ላይ በተከታታይ የሚሸነፍ ሰው ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ሩጫ ቁልፉን ሳይለቅ ኳስ መያዙ ነው፤ ከፍ ባለው ደረጃ ተከላካዩ ያን ይጠብቃል። ሩጫውን ለቆ በአጭር ፓስ እንዲወጣ ንገረው።

ሁለተኛው አልቲሜት ቲም (የራስን ቡድን እየሰበሰቡ የሚጫወቱበት ሞድ) ነው፣ እዚህ ላይ ጠንከር ብለህ ጻፍ። ተጫዋቾች የሚገኙበት ፓክ ይዘቱ በዕድል የሚወሰን ነው፣ በእውነተኛ ገንዘብም ይሸጣል፣ በዓመቱ አዲሱ ጌም ሲወጣ ደግሞ የሰበሰብከው ቡድን አይከተልህም። ኦንላይን ላይ አቋርጦ መውጣት እንደ ሽንፈት ይቆጠራል። ድንገት ለሚጠራ ሰው ይህ ሞድ አይመከርም፣ በግልጽ እንዲህ ብለህ ጻፈው።

ባዶ_ጊጋ፦

ስቶሬጅ ላይ ሣጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር አትጻፍ፣ ለጌም የሚተርፈውን ጻፍ። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 825 ጊጋ ይባላል፣ የሚተርፈው 667 ገደማ ነው። የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ 512 ተብሎ 364 አካባቢ ይቀረዋል፣ የዲስክ ማስገቢያም የለውም። የመጀመሪያው ስዊች 32 ጊጋ ብቻ ስለሆነ ከካርትሪጅ ውጭ ለሚጫወት ሰው ሚሞሪ ካርድ ግድ ነው። የፕሌይስቴሽን 5 ጌም በዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ከዚያው ላይ መጫወት ግን አይቻልም፤ ወደ ውስጥ መመለስ አለበት። የፕሌይስቴሽን 4 ጌም ከዩኤስቢው ላይ በቀጥታ ይሠራል። በስዊች 2 ደግሞ ጌም ኪ ካርድ የሚባሉት ካርትሪጆች ጌሙን በውስጣቸው አልያዙም፣ ዳውንሎድ ያስፈልጋቸዋል። ኢንተርኔቱ ደካማ ለሆነ ሰው ይህ ከግራፊክስ ይቀድማል።

ሴቭ_ነጥብ፦

አንድ የቀረ ፈተና አለ፣ የመመለሱ። ጌሙን ለ6 ሰዓት ያህል ተጫወተው፣ ለሦስት ሳምንት ተወው፣ ከዚያ ስትከፍተው ምን ማድረግ እንዳለብህ ለማወቅ የፈጀብህን ደቂቃ ቁጠር። ሦስት ነገር ጻፍ፦ የሚቀጥለውን ተግባር የሚነግር ዝርዝር አለ ወይ፣ የቁልፎቹን አጠቃቀም ሜኑ ውስጥ መልሶ ማየት ይቻላል ወይ፣ እጅ ለማሟሟቅ አደጋ የሌለበት ቦታ አለ ወይ።

ዜልዳ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ እዚህ ላይ ጥሩ ነው፤ የተግባር ዝርዝሩ ግልጽ ነው፣ 120ዎቹ ሽራይኖችም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው የሚያልቁ ትንንሽ እንቆቅልሾች ስለሆኑ ያለፈውን ማስታወስ አይጠይቁም። ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ግን እዚህ ላይ ይከብዳል። አንድ ቁልፍ መሣሪያ ይዘህና ሳትይዝ የተለያየ ሥራ አለው፤ ረስቶት የተመለሰ ሰው ሰላም ሊለው ያሰበውን መንገደኛ መሣሪያ ይደግንበትና ፖሊስ ይጠራበታል። በረዶው ውስጥ ያለው የመጀመሪያው ምዕራፍም 2 ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ ያንተ አንባቢ በነፃነት መዘዋወር የሚጀምረው በሦስተኛው ምሽት ነው። ቀኑን ቆጥረህ ጻፍለት፣ ይግዛ አይግዛ ራሱ ይወስናል።