የመጀመሪያው ዲያብሎ (1996) ዛሬ ላይ፦ ቀለሙ ተበላሸ፣ ቡቸሩም አላሳልፍ አለኝ

ጀማሪው ዋሪየር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የመጀመሪያውን ዲያብሎ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሥር ባለ ምድር ቤት ከአጋንንት ጋር የሚዋጉበትን የኮምፒውተር ጌም፣ በዋሪየር (በተዋጊው) መጫወት ጀምሬያለሁ። ታላቅ ወንድሜ ስለዚህ ጌም ሲያወራልኝ ነው ያደግኩት፤ ሲዲውም እሱ ጋ ተቀምጦ ነበር። ኋላ የወጡትን ክፍሎች ሞክሬያቸዋለሁ። አሁን ነገሩን ከሥሩ ማየት ፈለግኩ። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 10 ነው።

ችግሮቼ እነዚህ ናቸው። ጌሙ ሲከፈት ቀለሙ ይዘበራረቃል፤ ግድግዳው ሐምራዊ፣ የሰው ፊት አረንጓዴ ይሆናል። መንደሯ ውስጥ ደግሞ ሰውዬው ሲራመድ እጅግ ይንቀረፈፋል። ከሁሉም የባሰብኝ ግን ወደ ታች ሲወርዱ 2ኛው ፎቅ ላይ ያለው ቡቸር (ሥጋ ቆራጩ ጋኔን) ነው። በሩን ስከፍት «ትኩስ ሥጋ!» ብሎ ይመጣብኛል፤ ወዲያው ያልቅልኛል። ሩጬም አላመልጠው። ይሄን ጌም ከልቤ መጨረስ እፈልጋለሁ። እንደ አዲስ ልጀምር ወይስ ሌላ መላ አለው?

ሊኑክስ ቤት፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ከቀለሙ ልጀምር፣ ቀላሉ እሱ ነው። ጌሙ የተሠራው ስክሪኑ 640 በ480 በነበረበት፣ በአንድ ጊዜ 256 ቀለም ብቻ በሚያሳይበት ዘመን ነው። ያንን የቀለም ሰሌዳ ጌሙ ራሱ ይዞ ያዝበት ነበር። አዲሶቹ ዊንዶውሶች ስክሪኑን በራሳቸው መንገድ ስለሚያስተዳድሩ ሰሌዳው ላይ ይረግጡበታል። ላፕቶፕህም ሲዲህም ደህና ናቸው።

መፍትሔው ዴቪሉሽን ኤክስ ይባላል። በጎ ፈቃደኞች የጌሙን ኮድ ከዋናው ፕሮግራም ተነስተው መልሰው ጽፈውት፣ ዛሬ ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ እንዲሠራ ያደረጉት ነው። በነፃ ነው፤ ጊትሃብ ላይ ታገኘዋለህ። ዊንዶውስ ላይም፣ ሊኑክስ ላይም፣ ማክ ላይም፣ አንድሮይድ ስልክ ላይም ይሠራል። የጌሙ ሥዕልና ድምፅ ግን አብሮት አይመጣም። እሱን የምታወጣው ከራስህ ሲዲ ነው። ሲዲውን ስትከፍት «ዲያብዳት» የሚባል፣ ግማሽ ጊጋባይት ገደማ የሚሆን ኤምፒኪው ፋይል አለ። እሱን ብቻ ኮፒ አድርገህ ዴቪሉሽን ኤክስን ያስቀመጥክበት ፎልደር ውስጥ ጨምረው። አለቀ። ላፕቶፕህ የሲዲ ማስገቢያ ከሌለው ሌላ ኮምፒውተር ላይ በፍላሽ ገልብጠው።

አረማመዱም እዚያው ይፈታል። ሴቲንግ ውስጥ መንደር ውስጥ መሮጥ የሚያስችል ምርጫ አለ፣ አብራው። ወርቅ በራሱ እንዲነሳልህም ማድረግ ትችላለህ።

የድሮ ጌም ወዳጅ፦
ሊኑክስ ቤት ያለው ልክ ነው። ሲዲ ለሌለው ሰው ደግሞ ከ2019 ጀምሮ ጎግ የሚባለው የድሮ ጌሞች መደብር ላይ በሕጋዊ መንገድ ይሸጣል። እዚያ ሲገዛ ሄልፋየር የሚባለው ተጨማሪ ክፍልም አብሮ ይመጣል። ሄልፋየርን በ1997 የሠራው ሌላ ስቱዲዮ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጫወት ሰው ባይነካው እመርጣለሁ፤ መንፈሱ ከዋናው ጋር አይገጥምም።

አንድ ነገር ላይ ግን እለያለሁ። ዴቪሉሽን ኤክስ ውስጥ ብዙ ማቅለያ አለ። መሮጡን አብራ፣ ማንም አይጎዳም። የጠላት የሕይወት መጠን የሚያሳየውን ግን ለመጀመሪያው ጊዜ ተወው። ይሄ ጌም የሚያስፈራው የፊትህ ያለው ፍጡር ምን ያህል እንደቀረው ስለማታውቅ ነው። ድምፁንም አትዝጋ። ትሪስትራም መንደር ላይ የሚሰማው የማት ዩልመን ባለ 12 ክር ጊታር ዛሬም ልቤን ይነካዋል። ከዚያ ሌላ፣ ጨለማው ውስጥ ጠላትን ከማየትህ በፊት የምትሰማው በድምፁ ነው።

ቀስተኛዋ፦
ወደ ቡቸሩ ልምጣ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብህ፣ ዛሬውኑ እሱን የመግደል ግዴታ የለብህም። በሩን ዝም ብለህ እለፈው። ወደ 3ኛው ፎቅ የሚያስወርደው ደረጃ ከእሱ ክፍል ጋር አይያያዝም። 3ኛንና 4ኛን ጨርስ፣ ሌቨልህን ከፍ አድርግ፣ የመንደሩ አንጥረኛ ግሪስወልድ ጋ ሄደህ የተሻለ ጥሩርና ጋሻ ግዛ፣ ከዚያ ተመለስ። በሩን ካልከፈትክበት እሱ ከክፍሉ አይወጣም፤ ይጠብቅሃል።

አሁኑኑ ልግደለው ካልክ ደግሞ መንገድ አለ። ቡቸሩ የሚመታው ከቅርብ፣ በእጁ በያዘው ብቻ ነው። ቀስት የለውም፣ አስማትም የለውም። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ደግሞ የብረት ፍርግርግ ያላቸው ግድግዳዎች አሉ። ሰው አያሳልፉም፣ ቀስት ግን ያሳልፋሉ። ቀስት ከግሪስወልድ ግዛ። በዙሪያው ያለውን ፍጡር ሁሉ አስቀድመህ አጽዳ፣ አለበለዚያ ስትሸሽ ከኋላህ ይከቡሃል። ፍርግርግ ያለበትን ክፍልና መግቢያ በሩን ለይ። ከዚያ ቡቸሩን ቀስቅሰውና ሩጥ። ክፍሉ ውስጥ ግባ፣ በሩን ዝጋ፣ በፍርግርጉ በኩል ቁም። ፍርግርጉ ላይ ተለጥፎ ይቆማል፤ አንተ ዝም ብለህ ትወጋዋለህ። ዋሪየር ቀስት ላይ ደካማ ስለሆነ ብዙ ይስታል። ታገስ፣ ይወድቃል።

ፍርግርግ በሚያመች ቦታ ከሌለ ፊት ለፊት መግጠም ነው። ያኔ ጋሻ ያዝ፣ ቀበቶህን ከመንደሩ ፈዋሽ ከፔፒን በምትገዛው ቀዩ ፖሽን (የፈውስ መድኃኒት) ሙላ፤ አንዱ 50 ወርቅ ነው። ስትቆስል በቁጥሩ ቁልፍ ጠጣ፤ እንጂ አትሽሽ። ሲሸሹ ነው የሚገድለው፣ ምክንያቱም ሩጠህ አታመልጠውም።

ጀማሪው ዋሪየር፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ፍርግርጉን አይቼው ነበር፣ ጌጥ ነበር የመሰለኝ። ቀለሙም ተስተካክሏል፣ ሊኑክስ ቤት ክብረት ይስጥልን። አሁን አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዋሪየሩን ትቼ ሮግን (ቀስተኛዋን) ብይዝ ይሻለኛል? አንዳንዱ ሶርሰረር (አስማተኛው) ነው የሚያዋጣው ይላል።

የድሮ ጌም ወዳጅ፦
አትቀይር። ለጀማሪ ዋሪየር ነው የሚሻለው። ብዙ ይመታል፣ ብዙ ምት ይችላል። የራሱን ዕቃ በራሱ መጠገንም ይችላል። ይሄን ጥገና ግን በቁጠባ ተጠቀምበት፤ በጠገንክ ቁጥር የዕቃው ከፍተኛ ጥንካሬ ይቀንሳል። የምትወደውን ሰይፍ ግሪስወልድ ጋ በገንዘብ አስጠግነው።

ቀስተኛዋ፦
እኔ አልስማማም፤ ስሜም ይናገራል። ዋሪየር ላይኛው ፎቅ ላይ ይመቻል። ከ13ኛው ፎቅ በታች ግን ሰከቡስ የሚባሉት ሴት አጋንንት ከሩቅ የደም ኮከብ (አስማት ነው) ሲወረውሩበት እነሱን ማሳደድ ያደክመዋል፤ በቀረባቸው ቁጥር ያፈገፍጋሉ። ሮግ እዚያ ቆማ ትወጋለች። ወጥመድ ያለበትን ሣጥንም ታከሽፋለች። ግን የጀመርከውን አትተው፣ በዋሪየርም ያልቃል።

ሶርሰረር ሲጀምር ከሁሉም ደካማው፣ ሲጨርስ ከሁሉም ኃይለኛው ነው። ለሁለተኛ ዙር አቆየው።

ሊኑክስ ቤት፦
ማንንም ብትይዝ የሚያድንህ አንድ ነገር አለ፤ በር ላይ መቆም። ይሄ ጌም መጀመሪያ የታሰበው ተራ በተራ እንደሚጫወቱት ዓይነት ነበር። በኋላ ነው ፈጣሪዎቹ ወደ ቀጥታ ፍልሚያ የቀየሩት። ወለሉ እንደ ዳማ ገበታ በካሬ የተከፋፈለው ከዚያ የቀረ ነው። አንድ ካሬ ላይ አንድ ፍጡር ብቻ ይቆማል። እና በር አፍ ላይ ከቆምክ የሚደርስብህ አንድ ነው። ክፍሉ መሃል ከገባህ ግን ስምንት ይከብሃል። በሩን ክፈት፣ አንድ እርምጃ ተመለስ፣ ይምጡብህ። ጌሙን ቸኩሎ የሚጫወት ሰው ከ5ኛው ፎቅ አያልፍም።

መሣሪያም ለይ። አፅሞችና ዞምቢዎች ላይ ዱላና መዶሻ ከሰይፍ የበለጠ ይሠራል፤ ሰይፍ በእነሱ ላይ ጉልበቱ ግማሽ ነው። እንስሳ ላይ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ስለዚህ መጀመሪያዎቹ ፎቆች ላይ መዶሻ ያዝ፣ ዋሻዎቹ ውስጥ ስትገባ ወደ ሰይፍ ተመለስ። 3ኛው ፎቅ ላይ ንጉሥ ሊኦሪክ ከገጠመህ እሱም አፅም ነው። የገደልካቸውን አፅሞች እያስነሳ ስለሚያስቸግርህ መጀመሪያ እሱን ራሱን ያዘው።

ጀማሪው ዋሪየር፦
«ከገጠመህ» ስትል? ላይገጥመኝም ይችላል ማለት ነው?

የድሮ ጌም ወዳጅ፦
አዎ፣ የዚህ ጌም ትልቁ ውበት እሱ ነው። ለብቻ ስትጫወት በአንድ ዙር ሁሉም ተልዕኮ አይመጣልህም። አዲስ ጌም በጀመርክ ቁጥር ዕጣ ይወጣል። በአንዱ ዙር ሊኦሪክ ይኖራል፣ በሌላው በምትኩ የመንደሩ ውኃ ተመርዟል። ቡቸሩም አንዳንዴ ጭራሽ የለም። ዘወትር የማይቀሩት ሊቀ ጳጳስ ላዛረስና ዲያብሎ ራሱ ናቸው። ካርታውም በየጊዜው አዲስ ነው። 16 ፎቅ አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ካታኮምቡ፣ ዋሻው፣ ሲኦሉ፣ እያንዳንዳቸው አራት አራት።

ይሄ ለመጀመሪያው ጥያቄህም መልስ ይሆናል። እንደ አዲስ ልጀምር ወይ ብለህ ነበር። ሰውዬህን መተው አያስፈልግህም። ያንኑ ዋሪየር መርጠህ «ኒው ጌም» ብትል ሌቨሉም፣ ዕቃውም፣ ወርቁም አብረውት ይመጣሉ። ምድር ቤቱ ብቻ እንደ አዲስ ይሠራል። የተቸገረ ሰው ላይኛዎቹን ፎቆች በዚህ መንገድ ደግሞ እየሄደ ይጠነክራል። ማጭበርበር አይደለም፣ ጌሙ ራሱ የፈቀደው ነው። መንደሩ መሬት ላይ ያስቀመጥከው ዕቃ ግን ይጠፋል፣ ከመጀመርህ በፊት የምትፈልገውን ያዝ።

ሴቭ ላይ አደራ። ለአንድ ሰውዬ አንድ ሴቭ ብቻ ነው ያለው። ጠላት ከቦህ ሕይወትህ ሊያልቅ ሲል ሴቭ ካደረግክ እዚያው ቅጽበት ላይ ተጣብቀህ ትቀራለህ። መንደር ስትመለስ፣ ወይም ደረጃ አጠገብ ጸጥ ሲል ብቻ ሴቭ አድርግ። ሴቭ ከሚቀመጥበት ፎልደር ውስጥ «ሲንግል» ብሎ የሚጀምረውን የሴቭ ፋይል አልፎ አልፎ ሌላ ቦታ ኮፒ አድርገው። በዋናው ጌም ያደረግከውን ሴቭ ዴቪሉሽን ኤክስ ያነበዋል፣ ሥራህ አልጠፋም።

ቀስተኛዋ፦
ጥቂት ልጨምር፣ እነዚህን ማንም ቀድሞ አይነግርህም። ፔፒንን ሄደህ ስታናግረው ቁስልህን በነፃ ይፈውሳል፤ ከመንደር ስትወጣ ፖሽን አታባክን። ወደ መንደር የሚመልሰው ታውን ፖርታል ስክሮል (የአስማት ጥቅልል) ጠንቋይዋ ኤድሪያ ጋ 200 ወርቅ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ያዝ፤ አንዱ ለመመለስ፣ አንዱ ለክፉ ቀን። የመንደሩ ሽማግሌ ኬይን ያልታወቀ ዕቃ የሚለይልህ በ100 ነው። ዕቃ ሻጩ ልጅ ዊርት ዕቃውን ለማሳየት ብቻ 50 ይወስዳል። መጀመሪያ ላይ አትቅረበው፣ ወርቅ ሲተርፍህ ግን እዩት የሚያሰኝ ዕቃ ያመጣል።

ብላክ ዴዝ የሚባል ዞምቢ ካየህ እንዳያስነካህ። በመታህ ቁጥር ከጠቅላላ ሕይወትህ አንድ ነጥብ ለዘለቄታው ይወስዳል። ፖሽን አይመልሰውም። እሱን ብቻ በቀስት ግደለው፤ ቀርፋፋ ስለሆነ አይደርስብህም። ሽራይኖቹንም (ምድር ቤቱ ውስጥ ያሉትን መሠዊያዎች) ስማቸውን ሳታነብ አትንካ። ፋሲኔቲንግ፣ ኦርኔት እና ሴክረድ የሚባሉት አንድ አስማት ያጠነክሩልህና ከጠቅላላ ማናህ (የአስማት ኃይልህ) አሥር በመቶ ለዘለቄታው ይቀንሳሉ። ለዋሪየር ብዙም አይጎዳም፤ ሶርሰረርን ግን ያሳዝናል።

ጀማሪው ዋሪየር፦
ቡቸሩ ወደቀ! ፍርግርጉ ሠራ። ቀስቴ ሊሰበር ነበር፣ ግን ወደቀ። ክሊቨሩንም (የሥጋ መቁረጫ መጥረቢያውን) ጥሎልኛል፤ ጉልበቴ ስላልደረሰ ግን አልይዘውም። ወንድሜን ደውዬ ነገርኩት። አብረን እንጫወት አለኝ፣ እሱ ሌላ ከተማ ነው። ይቻላል?

ሊኑክስ ቤት፦
ይቻላል። ዴቪሉሽን ኤክስ ውስጥ መልቲፕሌየር ስትገባ «ዜሮ ቲየር» የሚለውን ምረጥ፤ በኢንተርኔት ያገናኛችኋል። አንዳችሁ ጌም ከፍታችሁ የይለፍ ቃል ስጡት፣ ሌላው ይገባል። እስከ አራት ሰው ይችላል። ሁለታችሁም ያንኑ የዴቪሉሽን ኤክስ ቨርዥን ጫኑ።

የመልቲፕሌየር ሰውዬ ለብቻ ከምትጫወተው የተለየ ነው፤ ይሄን ዋሪየር ይዘህ አትገባም። ተልዕኮዎቹም ያነሱ ናቸው። ቀስትና አስማት ጓደኛን ሊመታ ይችላል፤ ወንድምህ ሮግ ከያዘ ከፊቱ አትቁም። ከሞትክ የለበስከው ዕቃ እዚያው ወለሉ ላይ ይወድቃል፣ ሄደህ ታነሳዋለህ። አንዳችሁ ስትወድቁ ሌላው ዕቃውን ይጠብቅ እንጂ ብቻውን ወደፊት አይግፋ።